ይህ እሳት ምንድን ነው?

በዓል በመጣ ቁጥር በቤታችሁ ክርክር ይነሣል? በእኛ ቤት ይነሣል። እኔ ያደግሁት በዓል ደምቆ በሚከበርበት ቤት ነው። ቄጤማው፣ ዳቦው፣ ችቦው፣ የዘመድ አዝማዱ መሰባሰብ ሁሉ የልጅነቴ አካል ነው። ጌታን ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ባለቤቴ ግን በወንጌላውያን ቤት ተወልዶ ያደገ ነው። በደመራ ምሽት የሰፈሩ ልጆች ችቦ ይዘው ሲሯሯጡ እርሱ በመስኮት ይመለከት ነበር። ትምህርት ቤትም «ጴንጤ» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ስለዚህ «በዓል» የሚለው ቃል ለሁለታችን አንድ ዓይነት ስሜት አይሰጠንም። እኔ ስሰማው ደስ ይለኛል፤ እርሱ ሲሰማው ይጠነቀቃል።

በዚህ ጉዳይ የሚቸገሩት እኛ ብቻ እንዳልሆንን በጸሎት ቡድናችን ካሉ ባለትዳሮች ተረድቻለሁ። ባልና ሚስቱ ከተለያየ ቤት መጥተው አንድ ቤት ይመሠርታሉ፤ አንዱ «ዶሮው ይሠራ» ሲል ሌላው «ለምን?» ይላል። ልጆች በመካከል ይቆማሉ። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ይህ ክርክር በምንኖርበት በሰሜን ኢጣሊያ፣ በፒየሞንቴ ክፍለ ሀገር፣ ከገበያ ወደ ገበያ እየተከተለን ምን እንዳሳየን ነው። (ዓመታቱንና ወራቱን፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

ፒየሞንቴ ማለት «በተራራ እግር ሥር» ማለት ነው። ዋና ከተማው ቶሪኖ ነው። የአገሩ ሰው ቁጥብ ነው ይባላል፤ ደረጃ ላይ ለዓመታት የተላለፋችሁት ጎረቤት ከሰላምታ ሌላ ቃል ላይጨምር ይችላል። ገበያ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። በከተማው መካከል ፖርታ ፓላትሶ የሚባል ገበያ አለ፤ በአውሮፓ ካሉት የአደባባይ ገበያዎች ሁሉ ትልቁ እንደ ሆነ ይነገርለታል። በሥራ ቀናት ጠዋት ጠዋት ይቆማል፤ ቅዳሜ እስከ ምሽት ይዘልቃል። በአንድ በኩል ገበሬዎቹ በብረት ጣሪያ ሥር ራሳቸው ያመረቱትን ይሸጣሉ። በሌላ በኩል የሞሮኮ እናቶች በጨርቅ የተሸፈነ ዳቦና ናና ይዘው ይቆማሉ። «ሲኞራ፣ ይቅመሱ!» እያለ የወይን ፍሬ የሚዘረጋላችሁ ሻጭ መርካቶ ያለውን ባለ ሱቅ ያስታውሳችኋል። በመርካቶ አጠገብ ላደገች እንደ እኔ ላለች ሴት ይህ ከመድኃኒት ይቆጠራል። ባለቤቴ የሚገዛውን በወረቀት ጽፎ ይመጣና በሃያ ደቂቃ ጨርሶ ሰዓቱን ያያል። ይህም ሌላው ክርክራችን ነው፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ከሳምንቱ ገበያ ሌላ በየወቅቱ የሚመጡ ትልልቅ ገበያዎች አሉ፤ እነርሱን «ፊየራ» ይሏቸዋል። ከሁሉ የወደድሁት በኩኔዮ አውራጃ በካሩ ከተማ በዲሴምበር ወር፣ ገና ሳይደርስ በአንድ ሐሙስ የሚቆመው የሰንጋ ገበያ ነው። ከ1910 ጀምሮ የሚደረግ ነው። የፒየሞንቴ ከብት ነጭ ነው፤ እዚያ ከሚቀርቡት ሰንጋዎች አንዳንዶቹ ከአሥር ኩንታል በላይ ይመዝናሉ። ለአሸናፊው ሰንጋ በጀርባው ላይ ያጌጠ ልብስ ይደረግለታል፤ ባለቤቱ ገበሬም ከአጠገቡ በኩራት ይቆማል። ሰው ጎህ ሳይቀድ መጥቶ የጨጓራ ሾርባና የተቀቀለ ሥጋ ይበላል። አዎ፣ ከንጋቱ በፊት! አባቴ ቢያይ ኖሮ «እነዚህስ የእኛ ሰዎች ናቸው» ይል ነበር። በድሮው ልማድ ሻጭና ገዢ ዋጋ ሲያቅታቸው ደላላው መጥቶ የሁለቱን እጅ ያጨባብጥ ነበር፤ እጅ ከተያያዘ በኋላ ቃል አይታጠፍም። ባለቤቴ በዚህ ገበያ ላይ ምንም ተቃውሞ አልነበረውም። ሰንጋ ሰንጋ ነው።

በአልባ ከተማ በመከር ወራት የትራፍል ገበያ አለ። ትራፍል ከመሬት በታች የሚበቅል የእንጉዳይ ዓይነት ነው፤ በውሻ አፍንጫ ይፈለጋል፤ ነጩ ዓይነት በግራም የሚሸጥ ውድ ነገር ነው። እኛ አሽትተን ተመልሰናል። ያው ከተማ የጎረቤቱን የአስቲን የፈረስ ግልቢያ ለመቀለድ በአህያ ይጋልባል፤ ልጆቻችን በሳቅ ሊሞቱ ነበር። በኢቭሬያ ደግሞ ከሁዳዴ በፊት ባለው የካርኒቫል ሰሞን ሕዝቡ በቡድን ተከፍሎ በብርቱካን ይደባደባል። ታሪኩ፣ የየሙሽራይቱን የመጀመሪያ ሌሊት ለራሱ ይወስድ የነበረ ጨካኝ ገዢን አንዲት የወፍጮ ቤት ልጅ እንደ ገደለችውና ሕዝቡ እንደ ተነሣ የሚናገር አፈ ታሪክ ነው። የአንዲት ሙሽራ ክብር በየዓመቱ መታሰቡ መልካም ነው፤ ያ ሁሉ ብርቱካን መሬት ላይ መረገጡ ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። ባለቤቴም «ለብርቱካን ጦርነት አልሄድም» ብሎ ቤት ቀረ። በዚህ ተስማምተናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በኦክቶበር ወር ከቶሪኖ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ፔሊቼ ሸለቆ ወጣን። በሸለቆው ጫፍ ላይ ቦቢዮ ፔሊቼ በምትባል መንደር «ካላ» የሚሉት ገበያ ይቆማል። ካላ ማለት መውረድ ማለት ነው፤ በጋውን በከፍታው ላይ ሲግጡ የሰነበቱት ከብቶችና በጎች ብርዱ ሲመጣ ቃጭላቸውን እያሰሙ ይወርዳሉ። በዚያ ገበያ አንዲት አዛውንት በደረቅ ሣር የተጠቀለለ አይብ ሲሸጡ አየሁ። ሴይራስ ይሉታል። አይባችንን በኮባ ቅጠል ስንጠቀልል የኖርን ሰዎች ነንና ቆሜ ጠየቅኋቸው። ወሬ በወሬ ሲሳብ ቤተ ክርስቲያን እንሄድ እንደ ሆነ ጠየቁን። «ወንጌላውያን ነን» አልናቸው፤ «ኢጣሊያ ውስጥ ይህን ስንናገር ሰው ግራ ይገባዋል» ብለንም ጨመርን። ሴትዮዋ ሳቁና «እዚህስ ማንም ግራ አይገባውም፤ እኛም ፕሮቴስታንቶች ነን፤ ከሉተር በፊት ጀምሮ» አሉን። በፌብሩዋሪ ለበዓላቸው እንድንመጣም ጋበዙን።

እነዚህ ሰዎች ዋልደንሳውያን ናቸው። ታሪካቸው የሚጀምረው በፈረንሳይ በሊዮን ከተማ በኖረ ቫልዶ በሚባል ባለጠጋ ነጋዴ ነው። በ1170ዎቹ ሀብቱን ለድሆች አከፋፍሎ፣ ወንጌልን ተራው ሰው በሚሰማው ቋንቋ አስተረጎመና መስበክ ጀመረ። ተከታዮቹ በ1184 ተወገዙ፤ ተበተኑም፤ ብዙዎቹ በእነዚህ ተራሮች ተጠጉ። ነጋዴ የጀመረው ነገር በነጋዴ አምሳል ቀጠለ ማለት ይቻላል። ሰባኪዎቻቸውን «ባርባ» ይሏቸው ነበር፤ በአገሩ ቋንቋ አጎት ማለት ነው። አጎቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ በዕድሜ የገፋ ሌላው ወጣት፣ እንደ ተራ ነጋዴ እየመሰሉ ከመንደር መንደር ይዞሩ ነበር። በጉያቸው የመዳፍ ስፋት ያላቸው በእጅ የተጻፉ የቅዱሳት መጻሕፍት ክፍሎች ነበሩ፤ ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ በካምብሪጅ፣ በደብሊንና በጄኔቫ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ13ኛው መቶ ዘመን የጻፈ አንድ መናፍቃንን የሚመረምር ቄስ ስልታቸውን እያማረረ ገልጦታል፤ ቀለበትና ጨርቅ ያሳዩና «ሌላ የላችሁም?» ሲባሉ «ከዚህ የከበረ ዕንቍ አለን፤ ለካህናት አሳልፋችሁ ካልሰጣችሁን እናሳያችኋለን» ይላሉ ብሎ። ዕንቍው የእግዚአብሔር ቃል ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና ገበያ ከሚያገኛቸው ጋር ይነጋገር እንደ ነበር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 እናነባለን። ከዚያ ወዲህ ፖርታ ፓላትሶ ስሄድ ዘንቢሌን ብቻ ይዤ የምሄድ አይመስለኝም።

በ1532 በአንግሮኛ ሸለቆ ቻንፎራን በሚባል ስፍራ ተሰብስበው ከተሐድሶው ጋር ተባበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ የታተመው የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ቅዱስ በእነርሱ ገንዘብ የተደገፈ ነበር፤ የተራራ ገበሬዎች ነበሩ እኮ! ከዚያ በኋላ መከራ ሆነ። በ1655 በፋሲካ ሰሞን የሳቮይ መስፍን ወታደሮች በሸለቆዎቹ እልቂት ፈጸሙ። በ1686 አምልኳቸው ተከለከለ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ታሰሩ፤ ብዙዎች በእስር ቤት ሞቱ፤ የተረፉት በክረምት ብርድ አልፕስን ተሻግረው ወደ ስዊዘርላንድ ተሰደዱ። በ1689 አንድ ሺህ ያህል ወንዶች የጄኔቫን ሐይቅ በሌሊት ተሻግረው፣ ተራራ ለተራራ እየተዋጉ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ከሸለቆዎቹ ውጪ መኖር፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መማር፣ የመንግሥት ሥራ መያዝ ተከልክለው ቆዩ። በመጨረሻ በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1848 ንጉሥ ካርሎ አልቤርቶ የዜግነት መብታቸውን የሚሰጥ አዋጅ ፈረመ። ልብ በሉ፣ አዋጁ ስለ አምልኳቸው ሲናገር ምንም አልተለወጠም ይላል፤ ሙሉ ነጻነት አልነበረም። እነርሱ ግን ዜናው ሲደርሳቸው በየተራራው እሳት አነደዱ።

እስከ ዛሬም በየዓመቱ በፌብሩዋሪ 16 ምሽት ያነድዳሉ። በዓሉ እሳት መሆኑን ለባለቤቴ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። «ከደመራ ሸሽቼ መጥቼ ኢጣሊያ ውስጥ ደመራ ልቁም?» አለኝ። አልቀለደም። እኔም ያን ምሽት ብቻዬን ልጆቹን ይዤ ልሄድ ተነሣሁ፤ በመጨረሻ መንገዱ በረዶ ስለ ነበረ «እኔ ልንዳ» ብሎ መጣ።

ሲመሽ በቶሬ ፔሊቼ በላይ ካለች መንደር ደረስን። እንጨቱ እንደ ጎጆ ተቆልሏል። እሳቱ ሲለኮስ ከማዶ ያለው ተራራም በራ፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሌላው። ሽማግሌ፣ ወጣት፣ በጋሪ ያለ ሕፃን ሁሉ ዙሪያውን ቆመዋል። ጥቂት ቃል ተነገረ፤ መዝሙር ተዘመረ። በቅመም የፈላ ወይን በኩባያ ይታደላል፤ እኛ ሻይ ጠየቅን፤ ጋባዣችን ሳይገረሙ አመጡልን። ባለቤቴ ከመኪናው አጠገብ እጁን በኪሱ ከትቶ ቆሟል።

የሰባት ዓመቱ ልጃችን ወደ እርሱ ሮጠና «አባዬ፣ ይህ እሳት ምንድን ነው?» አለው።

ባለቤቴ ዝም አለ። ከዚያ አጠገቡ ወደ ቆሙት ሽማግሌ ዞሮ «ልጄ ይጠይቃል» አላቸው። እርሳቸውም ጎንበስ ብለው በእጃቸው ወደ ሜዳው፣ መብራት ወደሚታይበት አመለከቱት። «የአያቴ አያት ከዚያ በታች ቤት ሠርቶ እንዲኖር አይፈቀድለትም ነበር፤ ሐኪም ልሁን ቢል አይፈቀድለትም ነበር። አንድ ቀን ተፈቀደ። በዚያ ሌሊት እዚህ እሳት አነደደ። ልጆቹ ለምን ብለው ጠየቁት፤ ነገራቸው። አሁን አንተ ጠየቅኸኝ፤ ነገርሁህ።» ንግግራቸው ይኸው ነበር። ልጁ «እሺ» ብሎ ወደ እሳቱ ተመለሰ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የልጅ ጥያቄ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ተጻፈ ታውቃለህ? በዘጸአት 12 ልጆች ስለ ፋሲካው ሲጠይቁ ምን እንደሚመለስላቸው ተነግሯል። በኢያሱ 4 ከዮርዳኖስ የወጡት ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች የተተከሉት ልጆች እንዲጠይቁ ነው። በዘዳግም 16 ደግሞ በበዓል ደስ እንዲላቸው ከታዘዙት መካከል ወንድ ልጅና ሴት ልጅ፣ መጻተኛውም ይገኙበታል። እኛ ወንጌላውያን ልጆቻችንን ከብዙ ነገር ስንጠብቅ ጥያቄ የሚያስነሣባቸውን ነገር ሁሉ ከቤት አውጥተን እንዳንጥል እፈራለሁ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው። ባለቤቴ ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ያለው ሌላ ነው፤ «እሳቱን ማንም አልባረከውም፤ ማንም አልሰገደለትም፤ ልዩነቱ እርሱ ነው» አለ። እኔ ደግሞ ደመራ ለሚያከብሩት ወገኖቻችንም የመታሰቢያ እሳት መሆኑን ተናገርሁ። አልተቀበለኝም። እኔም አልተውሁትም። ልጆቹ ከኋላ ተኝተው ነበር።

በማግሥቱ፣ በ17ኛው ቀን፣ አምልኮ ነበረ። ከሴቶቹ ብዙዎቹ የጥንቱን ልብስ ለብሰዋል፤ ጥቁር ቀሚስ፣ የጥልፍ ነጠላ፣ በራሳቸው ላይ ነጭ ስስ ቆብ። እውነቱን ለመናገር የዛሬዎቹ ዋልደንሳውያን በብዙ የትምህርት ጉዳይ ከእኛ ጋር አይስማሙም፤ ስብከቱን እየመዘንን ነው የሰማነው። ከአምልኮው በኋላ በአዳራሹ የምሳ ማዕድ ቀረበ። በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ከማዶ የተቀመጡ አንድ ሰው በየዋህነት «እናንተስ በዚህ ወር ምን ታስባላችሁ?» ብለው ጠየቁን።

ተያየን። በኢጣሊያ ምድር፣ በኢጣሊያውያን ማዕድ ላይ፣ ከሁለት ቀን በኋላ የሚውለውን የካቲት 12ን ማን ይናገራል? ባለቤቴ ተናገረ። በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ በአዲስ አበባ ለሦስት ቀን ሕዝብ እንደ ተጨፈጨፈ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ እየተረጋጋ ነገራቸው። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ሰውዬው ሹካቸውን አስቀመጡ። ቆይተው፣ ያው የፋሺስት መንግሥት በ1935 በኢጣሊያ የጴንጤቆስጤዎችን አምልኮ እንደ ከለከለ፣ ክልከላውም እስከ 1955 እንዳልተነሣ ነገሩን። «ጴንጤ» የሚለውን ስም በልጅነቱ እንደ ስድብ የተሸከመው ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ወንበሩን ወደ ሰውዬው አስጠጋ። ከዚያ ስለ ደርግ ዘመን ማውራት ጀመረ። አብያተ ክርስቲያናት እንደ ተዘጉ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ተወስደው እንደ ተገደሉ፣ በወላጆቹ ሳሎን ሰዎች አንድ በአንድ እየገቡ መጋረጃ ተዘግቶ በሹክሹክታ እንደሚዘምሩ፣ እርሱ ትንሽ ልጅ ሆኖ በር ላይ ሰው ሲመጣ እንዲስል ተነግሮት እንደ ነበር። ይህችን የማሳል ነገር በዐሥራ አንድ ዓመት ትዳር አንድም ቀን አልነገረኝም። ልጆቹም አፋቸውን ከፍተው ይሰሙ ነበር። ልጃችን «ለእውነት ሳልህ?» አለው። «ሁለት ጊዜ» አለው አባቱ።

ቶሪኖ ስንመለስ ባለቤቴ ለእናቱ ደወለ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። «እማዬ፣ ቤተ ክርስቲያናችን እንደገና በግልጽ ያመለከችበት ቀን መቼ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ስቀው «ልጄ፣ ዛሬ ምን አስታወሰህ? ጠያቂም አጥቼ ነበር እኮ» አሉት። ከዚያ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ሆኖ ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩን። በእኛ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ፣ እሑድ ነበር። ዝናብ ነበር። ጣሪያው ያፈስስ ስለ ነበር ሰዉ ጃንጥላ ዘርግቶ ዘመረ። መዝሙሩ ጮኾ ሲወጣ የለመደባቸው ሹክሹክታ ስለ ነበር መጀመሪያ ደንግጠው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሴት ልጃችን ይህን ሁሉ በደብተሯ ጻፈች፤ የአያቷን ቃል እንዳለ።

ከዚያ ወዲህ በቀን መቁጠሪያችን ላይ በሐምሌ ወር አንድ እሑድ ተከብቦበታል። በዚያ ምሽት በማዕዳችን ላይ ሁሉም ከአንድ ድስት እያጠቀሰ የሚበላው የፒየሞንቴ ባኛ ካውዳ ይቀርባል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይትና በጨው የተቀመጠ ትንሽ ዓሣ አብሮ የሚበስልበት የብርድ ወቅት ምግብ ነው፤ በበጋ ሙቀት መሥራቴ ጎረቤቶቼን ያስቃቸዋል፤ ልጆቹ ግን «አብረን የምንነክረው» ብለው መርጠውታል። አያታቸውን በስልክ እናገኛቸዋለን፤ ልጆቹ ይጠይቃሉ፤ እርሳቸው ይመልሳሉ። ባለፈው ዓመት ስለ ጃንጥላው ሲናገሩ ቀዩ ነበር ወይስ ጥቁሩ በሚለው ከባለቤቴ ጋር ተከራከሩ። እኔ በጠረጴዛው ላይ አንድ ሻማ ይብራ እላለሁ፤ ባለቤቴ ሻማው አያስፈልግም ይላል። በዚህ ገና አልተስማማንም።